ብሩስ ማክላረንና አሮጌዪቱ ኦስቲን



በመካከላችን እስከ ዛሬ ያልጠፋ አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ ይኸውም መፍቻ የያዘውን ልጅ ትምህርት እንዳልገባው አድርጎ መቁጠር ነው። ድሮ ብረት ቀጥቃጩ ይናቅ እንደ ነበረ፣ ዛሬም በቅባት የጠቆረ እጅ ሲያይ ፊቱን የሚያዞር አይጠፋም። ይህ ልማድ እንዲቀር ስለምመኝ የብሩስ ማክላረንን ታሪክ መርጬ በአጭሩ አቀርብላችኋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብሩስ በ1937 በኒውዚላንድ፣ በኦክላንድ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ የነዳጅ ማደያና ጋራዥ ስለ ነበራቸው በሞተር ድምፅ መካከል አደገ። ነገር ግን የ9 ዓመት ልጅ ሳለ ፔርቴዝ የሚባል በሽታ በግራ ዳሌው ያዘው። ይህ በሽታ ወደ ጭን አጥንት ራስ የሚሄደውን ደም እየቀነሰ አጥንቱን የሚያደክም ነው። ስለዚህ ልጁ ሁለት ዓመት ያህል በሕክምና ቤት በጀርባው ተኝቶ ኖረ። ሲነሣም ግራ እግሩ ከቀኙ አጥሮ ስለ ቀረ፣ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ያነክስ ነበር።

ከዚህም በኋላ አባቱ በ1929 የተሠራች ኦስቲን ሰባት አልስተር የምትባል መኪና በ110 ፓውንድ ገዛ። ኦስቲን ሰባት በእንግሊዝ አገር ከ1922 ጀምሮ ብዙ ገንዘብ ለሌለው ቤተሰብ የተሠራች ትንሽ መኪና ስትሆን፣ አልስተር የተባለችው ዓይነት ግን ለእሽቅድድም የታሰበች ነበረች። ሞተሯ 747 ሲ.ሲ. ብቻ ነው። መኪናዪቱ ወደ ጋራዡ የመጣችው ተፈታታ ነበር። አባቱ ጠግኖ ሊሸጣት አስቦ ሳለ፣ ልጁ ለምኖ አስቀራትና ከአባቱ ጋር ይገጣጥማት ጀመር።

እንዲህ ያለውን መኪና መልሶ ማቆም ቀላል ሥራ አይደለም። እኔም በክረምት ዕረፍት በሰፈራችን ጋራዥ ስረዳ እንዳየሁት፣ እያንዳንዱን ዕቃ አጥቦ፣ ምን ያህል እንደ ተበላ ለክቶ፣ የሚጠገነውን ከሚጣለው መለየት ያስፈልጋል። ሻንሲው መጣመም የለበትም፤ ቫልቮላው ካልገጠመ ሞተሩ ጉልበት ያጣል። የኦስቲን ሰባት ፍሬን ደግሞ በካቦ የሚሳብ ስለ ሆነ፣ አራቱም ጎማዎች እኩል እንዲይዙ ካልተስተካከለ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል። ይህ ሁሉ ሒሳብና ፊዚክስ ነው እንጂ የጉልበት ሥራ ብቻ አይደለም።

ብሩስ በቤታቸው ጓሮ የፍራፍሬ ዛፎችን እየዞረ ተለማመደና፣ በ1952 ገና ተማሪ ሳለ በሙሪዋይ በተደረገው የዳገት ውድድር በዚህችው መኪና ተካፈለ። በ1958 ለወጣት ነጂዎች በተሰጠ ዕድል ወደ አውሮፓ ሄደ። በሚቀጥለውም ዓመት በ22 ዓመቱ የአሜሪካን ግራን ፕሪ አሸነፈ። በ1963 የራሱን የእሽቅድድም ድርጅት አቋቋመ፤ በ1966 ከክሪስ ኤመን ጋር የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድርን፣ በ1968 ደግሞ በስሙ በምትጠራ መኪና የቤልጅክን ግራን ፕሪ አሸነፈ። በ1969 ካን-አም በሚባለው ውድድር 11ዱንም የወሰዱት የእርሱ ድርጅት መኪናዎች ናቸው።

የዚህ ሰው ብልጫ ከመንዳቱ ይልቅ በማስተዋሉ ነበር። አንድ ቀን አዲስ መኪና ሲሞክር የነዳጁ መክደኛ እየተነሣ ሲመታ አየ። ፍጥነቱ በጨመረ መጠን መክደኛው ይበልጥ ይነሣ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን መክደኛውን አጥብቆ ይዘጋው ነበር፤ እርሱ ግን ከአካሉ በታች የታፈገ አየር እንዳለ ስለ ገባው፣ መቀስ ይዞ ከራዲያተሩ በስተኋላ ያለውን አካል ቀድዶ ለአየሩ መውጫ አበጀለት። መኪናውም ወዲያው ፈጠነ።

ጁን 2 ቀን 1970 በእንግሊዝ አገር በጉድውድ ሜዳ መኪና ሲሞክር፣ በከፍተኛ ፍጥነት ሳለ የኋላው አካል ተነቅሎ በመውጣቱ መኪናው ተጋጭቶ ሞተ። ዕድሜው 32 ነበር። ባልደረቦቹ ግን ሥራውን አላቋረጡም፤ የዚያኑ ዓመት የካን-አም ሻምፒዮንነት ዳግመኛ የድርጅቱ ሆነ። ስሙም እስከ ዛሬ በእሽቅድድም ሜዳ ይጠራል።

በእንግሊዝ አገር ከ1931 በፊት የተሠሩ መኪናዎችን ወደ ቀድሞ መልካቸው እየመለሱ የሚያወዳድሩ ሰዎች በ1934 ያቋቋሙት ማኅበር አለ፤ የአልስተር ዓይነቶችም በዚያ ይሮጣሉ። የብሩስ አልስተር ግን ዛሬ በድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት በክብር ተቀምጣለች።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ የተበላሸ ዕቃ ስናገኝ ከመጣላችን በፊት እንመርምረው። ወላጆችም ልጃችሁ አሮጌ ሞተር ፈትቶ ስታገኙት አትቈጡት፤ መልሶ እንዲገጥመው ብቻ እዘዙት።