ሼህ ሆጀሌ፦ ተሽረው በወርቅ የተመለሱት ገዢ

በሸርቆሌና በአካባቢው አርሶ አደሩ ከማሽላ እርሻው ጎን ከወንዝ አሸዋ ወርቅ ያጥባል። የሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ሕይወትም ከዚሁ ወርቅ አይለይም። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን የዳግማዊ ምኒልክን ጦር መርተው ቤኒሻንጉልን ሲያስገብሩ፣ የአቆልዲው ገዢ ሼህ ሆጀሌ ከሥልጣናቸው ወርደው አዲስ አበባ ታሰሩ። ማዕከላዊው መንግሥት ግን ወርቁን የሚሰበስብለት የአገሩን ቋንቋና መንገድ የሚያውቅ ሰው ይፈልግ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተፈቱና የወርቅ ግብር እያስገቡ ከቀድሞው በሰፋ ሥልጣን ገዙ። ሻሪውም ሿሚውም አዲስ አበባ ነበር፤ ገባሪውን የጠየቀው አልነበረም። ወርቁን አጥቦ የሚያስረክበው እሱ፣ በባርነት የሚነዳውም የእሱ ልጅ ነበር። ሼህ ሆጀሌ በ1930 ዓ.ም. አረፉ፤ አዲስ አበባ ጉለሌ ያሠሩት ቤት በስማቸው ይጠራል።