ለምእመናን ዝማሬ መንገድ የጠረገው ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ

ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1685 ዓመት በጀርመን አገር አይዘናኽ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱም ዘመዶቹም በሙዚቃ ሙያ የሚኖሩ ነበሩ። ነገር ግን ዐሥር ዓመት ሳይሞላው እናቱም አባቱም ስለ ሞቱበት፣ በኦርድሩፍ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይመታ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ወስዶ አሳደገው።

በ1703 ዓመት፣ ዕድሜው 18 ሲሆን፣ በአርንሽታት ከተማ ለአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺ ሆኖ ተሾመ። የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ከወናፍ የሚወጣ ነፋስ በብዙ ቧንቧዎች እየገባ የሚያሰማው መሣሪያ ነው፤ መቺውም በእጁና በእግሩ ይሠራበታል። በሉተራውያንም ሥርዓት ሕዝቡ መዝሙር ከመጀመሩ በፊት መቺው ፕሬሉድ የተባለውን መቅድመ ዜማ ያሰማል፤ ይኸውም ሕዝቡ ዜማውን ያስታውስ ዘንድ፣ ልቡንም ይሰበስብ ዘንድ ነው።

በ1705 ዓመት ባኽ የአራት ሳምንት ፈቃድ ተቀብሎ፣ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረውን የኦርጋን ሊቅ ቡክስተሁደን ለመስማት ወደ ሉቤክ ሄደ። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ እርሱም በእግሩ እንደ ሄደ ይነገራል። በዚያ በሰማው ሁሉ ልቡ ስለ ተማረከ፣ የተመለሰው አራት ወር ያህል ከቈየ በኋላ ነው።

በ1706 ዓመት የቤተ ክርስቲያኑ ሸንጎ አስጠርቶ ገሠጸው። ስለ መዘግየቱ ብቻ አልነበረም፤ በመዝሙሩ ውስጥ እንግዳ የሆነ ድምፅ እየቀላቀለ ምእመናንን ግራ አጋብቷል ተብሎም ተከሰሰ። ደግሞም መቅድሙን አብዝቶ ያስረዝም ነበርና ይህ በተነገረው ጊዜ፣ እልክ እንደ ያዘው ሰው ከልክ በላይ አሳጠረው ተባለ። የሸንጎው ነቀፋ ከንቱ አልነበረም፤ መሪውን ያጣ ሕዝብ አይዘምርምና። ወጣቱም ከእግዚአብሔር የተቀበለው ስጦታ እንዲሁ የሚታፈን አልነበረም።

ሁለቱ የታረቁት በቫይማር ነው። ከ1708 ዓመት ጀምሮ በዚያ መስፍን ቤት ሲያገለግል፣ ትንሹ የኦርጋን መጽሐፍ የሚባለውን ጻፈ። 164 መቅድሞች ሊጽፍ አስቦ የፈጸመው 46 ብቻ ነው። ብዙዎቹ አጫጭር ናቸው፤ የመዝሙሩም ዜማ አብዛኛውን ጊዜ በላይኛው ድምፅ ተለይቶ ይሰማል፤ የቀሩት ድምፆች ግን የቃሉን ምሥጢር ይተረጕማሉ። ስለ አዳም ውድቀት በሚናገረው መቅድም በእግር የሚመታው ወፍራም ድምፅ ደጋግሞ ወደ ታች ይወድቃል፤ የሚሰማውም ሰው ቃሉ ሳይነገረው ውድቀቱን ያውቃል። መጽሐፉንም ለእግዚአብሔር ክብርና ለባልንጀራው ትምህርት ሰጠው።

ከዚያ በኋላ ኀዘን አልራቀውም። በ1720 ዓመት ከመንገድ ሲመለስ ሚስቱ ሞታ ተቀብራ አገኛት። ከሁለት ሚስቶቹ ከወለዳቸው 20 ልጆች ለአካለ መጠን የደረሱት 10 ብቻ ናቸው። ከ1723 ዓመት ጀምሮ በላይፕሲግ የቅዱስ ቶማስ ትምህርት ቤት የመዘምራን አለቃ ሆኖ እስከ ዕለተ ሞቱ አገለገለ። በመጨረሻ ዓይኑ ታሞ ሁለት ጊዜ ቢቀደድም ብርሃኑን አጣ፤ በ1750 ዓመት ሐምሌ ወር መጨረሻም በ65 ዓመቱ ዐረፈ።

መቃብሩ ምልክት አልነበረውምና ብዙ ዘመን ሳይታወቅ ኖረ። እርሱ ግን በሕይወቱ ሳለ በብዙ የቤተ ክርስቲያን ድርሰቶቹ መጨረሻ ክብር ለእግዚአብሔር ብቻ መሆኑን በሦስት ፊደላት ያመለክት ነበር። የመቅድምም ሥራ ይኸው ነው፤ ዜማውን ያመለክታል፣ ልብን ያነቃል፣ ሕዝቡም መዘመር ሲጀምር ቦታውን ይለቃል።