ኤድጋር ባርተን ዎርዚንግተን፦ ከሐይቅ ጥናት ወደ ዱር እንስሳት ጥበቃ

ከአዲስ አበባ ወደ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) የሚያመራው አውራ ጎዳና ሚኤሶና አሰቦት ከመድረሱ በፊት የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ሰንጥቆ ያልፋል። ለፓርኩ መመሥረት መንገድ ከጠረጉት የውጭ ባለሙያዎች አንዱ፣ የሙያ ሕይወታቸውን ዓሣና ሐይቅ በማጥናት የጀመሩት እንግሊዛዊው ኤድጋር ባርተን ዎርዚንግተን ነበሩ።

ዎርዚንግተን የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ትምህርታቸውን በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተከታትለው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ የምሥራቅ አፍሪካ ሐይቆችን የዓሣ ሀብት መመርመር ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1930 እና 1931 የመሩት የጥናት ጉዞ ዛሬ ቱርካና የሚባለውንም ሐይቅ ያካተተ ነበር። ይህ ሐይቅ አብዛኛውን ውሃውን የሚያገኘው ከኢትዮጵያው ኦሞ ወንዝ ነው። ሐይቅን በወጉ የሚያጠና ሰው ደግሞ ከውሃው ዳር ተነሥቶ ወደ ተፋሰሱ፣ ከተፋሰሱም ወደ ገበሬውና ወደ አርብቶ አደሩ መሻገሩ አይቀርም። የዎርዚንግተን የሥራ ዘመንም በዚሁ አቅጣጫ ተጓዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1938 ያሳተሙት ሰፊ መጽሐፍ በአፍሪካ የሳይንስን ይዞታ በአጠቃላይ የሚቃኝ ነበር። በአገራቸው የጣፋጭ ውሃ ምርምር ተቋምን መርተዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮም የብሪታንያ መንግሥት የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ምክትል ዋና ዳይሬክተር ሆነዋል።

እ.ኤ.አ. በ1963 ዩኔስኮ ስለ ኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ጥናት ሲያቀርብ ከጸሐፊዎቹ አንዱ እርሳቸው ነበሩ። የቡድኑ ቀዳሚ የዩኔስኮ የመጀመሪያ ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ጁሊያን ሀክስሊ ሲሆኑ፣ ከአባላቱ ፈረንሳዊው ቴዎዶር ሞኖም የዓሣ ሊቅ ነበሩ። ከጥናቱ በኋላ ባሉት ዓመታት በአገራችን የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው አዋሽ ፓርክም በ1969 በሕግ ታወቀ። 756 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው ይህ ስፍራ በይበልጥ የሚታወቀው በሳላ መንጋው ነው።

ይሁን እንጂ ክለላው ዋጋ አስከፍሏል። የከረዩ፣ የኢቱና የአፋር አርብቶ አደሮች በበጋ የሚጠለሉበትን ግጦሽ አጡ፤ የወንዙን ዳር ደግሞ የመተሐራ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ያዘው። ኢቱዎች እስከ ጨርጨር ደጋ የሚዘልቅ ወገን ያላቸው ሕዝብ በመሆናቸው ጉዳዩ ለምዕራብ ሐረርጌ የሩቅ ወሬ አልነበረም። አራዊትን፣ ውሃንና ሕዝብን አንድ ላይ ማየት የዎርዚንግተን ሙያ ዋና ቁም ነገር ሆኖ ሳለ፣ በአዋሽ አፈጻጸም ግን ሕዝቡ ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ይቻላል።

የጨርጨር ተራሮች በሰሜን በኩል የሚወርደውን ውሃ ለአዋሽ፣ በደቡብ የሚወርደውን ለዋቢ ሸበሌ ያካፍላሉ። ከጊዜ በኋላ በዚሁ ደጋ፣ ከጭሮ ብዙም በማይርቀው የኩኒ ሙክታር ተራራ፣ ለደጋ አጋዘን መጠለያ ተከልሏል። በዚያም የእርሻ መስፋፋትና የደን ጭፍጨፋ ዋነኛ ፈተና ሆነዋል።

ዎርዚንግተን እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1974 የዓለም አቀፉ የሥነ ሕይወት መርሐ ግብር የሳይንስ ዳይሬክተር ሆነው አገልግለዋል። የሥራ ዘመናቸውን የሚተርክ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1983 አሳትመው፣ በ2001 በ96 ዓመታቸው አርፈዋል።