አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም

አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም (1853 – 1916 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የቋንቋ መምህር፣ የሰዋስው ጸሐፊና የታሪክ ሰው ነበሩ። በብዙ አንባቢ ዘንድ የሚታወቁት «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» በተባለው መጽሐፋቸው ነው። በቋንቋ ትምህርት በኩል ግን ሁለት ሌሎች ሥራዎች አሏቸው። አንደኛው የግዕዝን ሰዋስው በአማርኛ አስረድተው ማሳተማቸው ሲሆን፣ ሁለተኛው በጀርመን አገር በበርሊን ከተማ አማርኛን ማስተማራቸውና የግዕዝ ንባብ ድምፅ በአውሮፓ ሊቃውንት እንዲመዘገብ ማድረጋቸው ነው።

ልደትና ትምህርት

ታዬ የተወለዱት በበጌምድር፣ በይፋግ አካባቢ ነው። ይፋግ ዛሬ በአማራ ክልል በደቡብ ጎንደር ዞን የምትገኝ ሲሆን በጥንት ዘመን በገበያዋ የታወቀች ነበረች። ገና በልጅነታቸው አገራቸውን ለቀው ወደ ምጽዋ ወረዱ። ከከተማዋ አጠገብ በምንኩሉ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ከፍቶት በነበረው ትምህርት ቤት ገብተውም ተማሩ።

ይህ ትምህርት ቤት በዚያ ዘመን ለቋንቋ ሥራ ዋና ማዕከል ነበር። ማተሚያ ቤት ነበረው፤ ተማሪዎቹና መምህራኑም ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች የመጡ ነበሩ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት ኦነሲሞስ ነሲብና የሥራ ረዳታቸው አስቴር ጋኖም ከዚሁ ሚሲዮን ጋር የሠሩ ናቸው።

ታዬ በሚሲዮኑ ትምህርት ብቻ አልተወሰኑም። ወደ ደጋው አገር ተመልሰው ግዕዝን፣ ቅኔንና የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን በአገሩ ሥርዓት ተማሩ። በዚህ ምክንያት የዘመናዊውንም የአብነቱንም ትምህርት ያጣመሩ ሰው ሆኑ። ወደ ምንኩሉ ሲመለሱም በመምህርነት አገለገሉ።

መጽሐፈ ሰዋስው

በአብነት ትምህርት ቤት የግዕዝ ሰዋስው የሚሰጠው በቅኔ ቤት ነው። ተማሪው የግሱን እርባታ ከመምህሩ አፍ እየሰማ በቃሉ ይይዛል፤ እውቀቱም ከአፍ ወደ ጆሮ ይተላለፋል። ይህን ትምህርት የሚፈልግ ሰው ከቤተሰቡ ተለይቶ፣ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው እየዞረ ብዙ ዓመት ማሳለፍ ነበረበት።

አለቃ ታዬ በ1889 ዓ.ም. በምንኩሉ «መጽሐፈ ሰዋስው» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ የግዕዝን ሰዋስው በአማርኛ የሚያስረዳ ነው። በአማርኛ የተዘጋጀ የታተመ የሰዋስው መጽሐፍ እጅግ ጥቂት በነበረበት ጊዜ የወጣ በመሆኑ፣ በቅኔ ቤት ብቻ ይገኝ የነበረውን እውቀት ማንበብ ለሚችል ሁሉ አቀረበ። አማርኛም ራሱ ስለ ቋንቋ ማስረዳት የሚቻልበት የትምህርት ቋንቋ መሆኑን ካሳዩ ቀደምት ሥራዎች አንዱ ሆነ።

በበርሊን

በ1905 እ.ኤ.አ. በፍሪድሪክ ሮዘን የተመራ የጀርመን መልእክተኛ ቡድን ወደ አፄ ምኒልክ መጥቶ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። በዚያው ዓመት አለቃ ታዬ በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ወደ በርሊን ሄዱ። እስከ 1908 እ.ኤ.አ. ድረስም በከተማዋ የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አማርኛን አስተማሩ። ይህ ትምህርት ቤት በ1887 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሲሆን፣ አስተርጓሚዎችንና ወደ ውጭ አገር የሚላኩ ባለሥልጣኖችን ያሠለጥን ነበር። በዚያው ዘመን ሌላው ኢትዮጵያዊ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በጣልያን አገር በናፖሊ አማርኛ ያስተምሩ ነበር።

በበርሊን ከአለቃ ታዬ ጋር አብሮ የሠራው ኦይገን ሚትቮክ (1876 – 1942 እ.ኤ.አ.) የተባለ ጀርመናዊ የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ነው። ሚትቮክ ከአለቃ ታዬ የሰማውን የአማርኛ የሕዝብ ንግግር መዝግቦ በ1907 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ ቆይቶም ስለ ኢትዮጵያ ልጆች ጨዋታ ጽሑፍ አወጣ። እነዚህ ሥራዎች ከብራና የተቀዱ ሳይሆኑ ከሰው አፍ የተወሰዱ ነበሩ።

ፊደል የማያሳየው ድምፅ

አለቃ ታዬ በበርሊን ያበረከቱትን ለመረዳት የፊደላችንን አንድ ጠባይ ማስታወስ ያስፈልጋል። የግዕዝ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አጣምሮ ያሳያል፤ የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው ግን አይለይም። ለምሳሌ በአማርኛ «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ «ይገኛል» ማለት ነው። በግዕዝም «ቀተለ» ሲነበብ መካከለኛው ፊደል ይላላል፣ «ቀደሰ» ሲነበብ ይጠብቃል። በጽሑፍ ግን ሁለቱም እኩል ሦስት ሦስት ፊደል ናቸው።

ከዚህም በላይ በንባብ ቤት ተማሪው ቃላትን እንደየጠባያቸው ተነሽ፣ ተጣይ፣ ወዳቂና ሰያፍ ብሎ ለይቶ ማንበብን ይማራል። ይህ የድምፅ አነሣስና አጣጣል በመጽሐፍ ላይ አይጻፍም፤ የሚገኘው ከመምህር ነው።

በአውሮፓ ግዕዝን በስፋት ያጠናው አውጉስት ዲልማን (1823 – 1894 እ.ኤ.አ.) ትልቁን ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱን ያዘጋጀው በዋናነት ከብራና መጻሕፍት ተነሥቶ ነበር። ስለዚህ ከጽሑፉ የማይገኘው ድምፅ ጎድሎ ቆየ። ሚትቮክ የአለቃ ታዬን ንባብ እየሰማ መዘገበ፤ በ1926 እ.ኤ.አ. ስለ ግዕዝ የአብነት አነባበብ ባሳተመው ጥናትም ይህን እውቀት ለዓለም ሊቃውንት አቀረበ። መጽሐፉ ሲወጣ አለቃ ታዬ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ክስና እስራት

አለቃ ታዬ ወደ አገራቸው በተመለሱበት በ1908 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ዘመናዊ ትምህርት መሠረት መያዝ ጀምሮ ነበር። ሆኖም ከሚሲዮን ጋር የነበራቸው ግንኙነትና የወንጌላዊ እምነታቸው ከቤተ ክህነት ጋር አጋጫቸው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ እምነት ያላቸው ሰዎች «ጸረ ማርያም» እየተባሉ ይከሰሱ ነበር። አፄ ምኒልክ በጽኑ ሕመም ምክንያት ከመንግሥት ሥራ በራቁበት ጊዜ፣ በ1902 ዓ.ም. አለቃ ታዬ በሃይማኖት ጉዳይ ተከሰው በሊቀ ጳጳሱ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ ታሰሩም። ከእስር ከወጡ በኋላ የጽሕፈት ሥራቸውን ቀጠሉ።

የታሪክ ሥራ

አፄ ምኒልክ የኢትዮጵያን ታሪክ እንዲጽፉ አዝዘዋቸው ስለ ነበር፣ አለቃ ታዬ ለረጅም ጊዜ ሰፊ የታሪክ መጽሐፍ ሲያዘጋጁ ኖሩ። በሕይወታቸው ሳሉ ለኅትመት የበቃው አጭሩ «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» ሲሆን፣ የታተመውም በ1914 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉ የልዩ ልዩ ሕዝቦችን አመጣጥ ይተርካል። ስለ ጥንታዊው ዘመን ያቀረበው የትውልድ ሐረግ በዛሬ የታሪክ ሊቃውንት ዘንድ እንደ አፈ ታሪክ የሚታይ ነው። ቢሆንም በአማርኛ ከታተሙ ቀደምት የታሪክ መጻሕፍት አንዱ በመሆኑ ደጋግሞ ታትሟል። በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ በግሮቨር ሃድሰንና በተከስተ ነጋሽ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በስዊድን አገር በኡፕሳላ ወጥቷል።

አለቃ ታዬ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አረፉ።

በቋንቋ ጥናት ውስጥ ያላቸው ቦታ

ዛሬ የዲስኩር ትንተና የሚባለው የጥናት ዘርፍ ቋንቋን የሚመረምረው በተናጠል ቃል ወይም ዐረፍተ ነገር ሳይሆን፣ ሰዎች በእርግጥ በተናገሩትና በጻፉት ሙሉ ንግግር ነው። መጠሪያው በቋንቋ ጥናት የታወቀው ዜሊግ ሃሪስ በ1952 እ.ኤ.አ. ካወጣው ጽሑፍ ወዲህ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጆን ሲንክሌርና ማልኮም ኩልታርድ የመምህርና የተማሪን የክፍል ውስጥ ንግግር በመተንተን ዘርፉን ከትምህርት ጋር አገናኙት።

አለቃ ታዬ ከዚህ ሁሉ ቀድመው የኖሩ ናቸው፤ የትንተና ዘዴም አላወጡም። ነገር ግን ለእንዲህ ያለ ጥናት መነሻ የሚሆነውን፣ ማለትም ከተናጋሪው አፍ የተወሰደ ሙሉ ንግግርን፣ ለአማርኛ ቀድመው ካቀረቡት መካከል ናቸው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አባ ጎርጎርዮስ ለሂዮብ ሉዶልፍ እንዳደረጉት ሁሉ፣ የአለቃ ታዬም እውቀት ለአውሮፓ አንባቢ የደረሰው በሌላ ሰው ስም በወጣ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ የሚትቮክን የአማርኛና የግዕዝ ጽሑፎች የሚያነብ ተማሪ፣ በመጽሐፉ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ በይፋግ የተወለደው መምህር ድምፅ መሆኑን ማስተዋል ይገባዋል።