እቴጌ መነን ሊበን አመዴ፦ የእቴጌነት ማዕረግና የሥልጣን ምንጭ በዘመነ መሳፍንት ማብቂያ

በአብዛኞቹ የዘመናችን ሪፐብሊኮች የርእሰ ብሔሩ ባለቤት በሕገ መንግሥት የተደነገገ ሥልጣን የላትም። ቀዳማዊት እመቤት የሚለው መጠሪያ በልማድ የቆመ ሲሆን፣ ከባሏ ሹመት ጋር ይመጣል፤ ከሹመቱ ማብቃት ጋርም ያበቃል። በኢትዮጵያ ነገሥታት ሥርዓት ግን እቴጌነት ከዚህ የተለየ ነበር። እቴጌ ዘውድ የምትደፋ፣ ግዛት የሚቆረጥላት፣ የራሷ ሹማምንትና ጭፍሮች ያሏት ባለማዕረግ ናት። ከእቴጌዎቹ መካከል የመነን ሊበን አመዴ ታሪክ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ያስነሣል። ባላቸው ንጉሠ ነገሥት ተብለው ቢጠሩም ሥልጣን አልነበራቸውም፤ እሳቸው ግን ነበራቸው። ይህ አጭር ጥናት የእቴጌይቱን ሕይወት በመከተል ያ ሥልጣን ከየት እንደ መነጨና በምን ምክንያት እንደ ፈረሰ ይመረምራል።

መነን የወረ ሂማኖ ገዢ የነበሩት የኢማም ሊበን ልጅ ናቸው። ወረ ሂማኖ ዛሬ ተንታና መቅደላ የሚገኙበት የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ነው። ይህ ደጋ በሣይንትና በለጋምቦ በኩል ወደ ቦረናና ወደ መካነ ሰላም ይዘልቃል፤ በምዕራብ በዓባይ ገደል ከጎጃም ይለያል። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአካባቢው ኃያላን ማመዶች በመባል የሚታወቁት የእስልምና ተከታይ ኢማሞች ነበሩ። የእነዚህ ኢማሞች ፈረሰኛ ጦር በሰሜን ለሚነሣ ማንኛውም መስፍን ወዳጅ ሲሆን መከታ፣ ጠላት ሲሆን ስጋት ነበር። ስለዚህ ከኢማሞቹ ቤት የምትወጣ ሙሽራ ይዛ የምትሄደው ጥሎሽ ከወርቅና ከከብት ይበልጥ ነበር፤ ከኋላዋ የወሎ ፈረሰኛ አለ።

መነን ያገቡት የየጁው የራስ ጉግሣ ልጅ የሆኑትን ደጃዝማች አሉላን ነው። በዚህ ጋብቻ ምክንያት ወደ ክርስትና ገቡ። ሁለቱ ታላላቅ ቤቶች፣ ማለትም ጎንደርን በእንደራሴነት የሚገዛው የየጁ ቤትና የወረ ሂማኖ ቤት፣ በዚህ ጋብቻ ተጋመዱ። ከዚህም ጋብቻ ዓሊ ተወለዱ። በ1823 ዓ.ም. ራስ ማርዬ በደብረ ዓባይ ጦርነት ወደቁ፤ ወንድማቸው ራስ ዶሪም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። በዚያን ጊዜ የራስነቱ ወንበር ለዓሊ ደረሰ። ወጣቱ ራስ ገና አሥራ አምስት ዓመት ስላልሞላቸው አስተዳደሩ በሞግዚትነት ተያዘ፤ በዚህም እናቲቱ ቀዳሚውን ስፍራ ያዙ። የመነን የፖለቲካ ሕይወት በይፋ የሚጀምረው በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሥልጣን ያገኙት በእናትነት እንጂ በንግሥትነት አልነበረም።

እቴጌነት የተከተለው ከዚህ በኋላ ነው። በ1832 ዓ.ም. ገደማ የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ልጅ ዮሐንስ 3ኛ ወደ ዙፋን ሲወጡ መነን አገቧቸውና እቴጌ ተብለው ዘውድ ደፉ። በዚያ ዘመን የጎንደር ነገሥታት በስም ብቻ የሚነግሡ ነበሩ። ዮሐንስና ተቀናቃኛቸው ሣህለ ድንግል እንደ መሳፍንቱ ፈቃድ እየተፈራረቁ ይነግሡና ይሻሩ ነበር። ታዲያ የእንደራሴው እናት ይህን ጋብቻ ለምን ፈለጉት? የየጁ ራሶች የሰሎሞን ዘር ነን ብለው ዘውድ መድፋት አይችሉም ነበር። ዘውዱን ግን በቤታቸው ማስገባት ይችላሉ። በመነን ጋብቻ እንደራሴነቱ በልጅ፣ ዙፋኑ በባል፣ ሁለቱም በአንዲት ሴት እጅ ተገናኙ።

ከዚህ ቀደም ሲል ለዚህ የሚቀርበው ምሳሌ የእቴጌ ምንትዋብ ነው። ምንትዋብ የዐፄ በካፋ ሚስት ነበሩ፤ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሲነግሡ በ1723 ዓ.ም. ዘውድ ደፍተው አገር አስተዳደሩ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ሊዘነጋ አይገባም። የምንትዋብ ልጅ ራሱ ንጉሥ ነበር፤ የመነን ልጅ ግን የንጉሥ አንጋሽ ነው። ምንትዋብ በዙፋኑ ጥላ ሥር ገዙ፤ መነን ዙፋኑን ራሱን በጥላቸው ሥር አደረጉት።

የመነን ሥልጣን በቤተ መንግሥት ወግ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በጣና ሐይቅ ሰሜን የሚገኘውን ለም የደምቢያ ምድር በግዛታቸው ያዙ። ግዛት መያዝ ማለት ግብር መቀበል፣ ሹም መሾምና መሻር፣ ለጦር ሠራዊት ማሰለፍ ማለት ነው። ይሁንና የደጃዝማች ክንፉ አገር የነበረው ይህ ምድር ከክንፉ ሞት በኋላ ወደ እቴጌይቱ መዞሩ በአጎራባቹ በቋራ ቅሬታን ተከለ። ከክንፉ ወገን የሚወለደው ካሣ ኃይሉ ርስቱን እንደ ተነጠቀ ቈጥሮ ወደ ቈላ ወርዶ ሸፈተ።

ቤተ መንግሥቱ ሽፍታውን ለማለዘብ የተጠቀመበት መሣሪያ ደግሞ ጋብቻ ነበር። የራስ ዓሊ ልጅ፣ የመነን የልጅ ልጅ ተዋበች ለካሣ ተዳረች። በአሉላና በመነን ዘመን ሁለት ቤቶችን ያስተሳሰረው ብልሃት በዚህ ጊዜ ግን ከሸፈ። በትውፊት እንደሚተረከው የእቴጌይቱ ወገኖች ካሣን የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይንቁት ነበር፤ ተዋበች ደግሞ ከአያቷ ይልቅ ከባሏ ጎን ቆመች። የጋብቻ ፖለቲካ የተመሠረተው ሴቲቱ ለተወለደችበት ቤት ታማኝ ሆና ትኖራለች በሚል ግምት ነው። የተዋበች ምርጫ ይህ ግምት ሁልጊዜ እንደማይሠራ አሳየ።

በ1839 ዓ.ም. ካሣ ደምቢያን ዘርፎ ጎንደር ገባ። በትውፊት የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብሎ እንደ ፎከረ የሚነገርለት የጦር አለቃ ወንድይራድ ድል ሆነ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ እቴጌ መነን ከባላቸው ከዮሐንስ ጋር ሆነው ራሳቸው ዘመቱ። ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በተደረገው ጦርነት ጭናቸው ላይ በጦር ቆስለው ተማረኩ፤ ንጉሡም አብረው ተያዙ።

ከምርኮው በኋላ የሆነው ነገር የእቴጌይቱን ክብደት በግልጽ ያሳያል። ራስ ዓሊ እናታቸውን ለማስለቀቅ ለካሣ የደጃዝማችነት ማዕረግና የእቴጌይቱን ግዛት ደምቢያን ሰጡ። የንጉሠ ነገሥቱ መማረክ በድርድሩ ውስጥ ይህን ያህል ዋጋ አልነበረውም፤ የአገሪቱ ዋና ገዢ ግዛት የከፈሉት ለእናታቸው ነው። በአንጻሩም ያው ድርድር የእቴጌይቱን ሥልጣን መሠረት አፈረሰ። ግዛቱ ከሄደ ግብሩ ይሄዳል፤ ግብሩ ከሄደ ጭፍራው ይበተናል። ማዕረጉ ቀረ፤ ማዕረጉን የሚያቆመው ምድር ግን ጠፋ።

ካሣ በደምቢያ ላይ ቆሞ ኃይሉን አደራጀ። በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል አደረገ። የየጁ እንደራሴነት በአይሻል አበቃ፤ በልጃቸው ላይ የቆመው የመነን ሥልጣንም አብሮ ወደቀ። በ1847 ዓ.ም. ካሣ ደረስጌ ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በ1848 ዓ.ም. መባቻ ወደ መነን የትውልድ አገር ዘምተው መቅደላን ያዙ። የመሳፍንቱ የጋብቻ መረብ ከተዘረጋባቸው አምባዎች አንዱ የአዲሱ መንግሥት ምሽግና እስር ቤት ሆነ።

የወረ ሂማኖ ሴቶች የፖለቲካ ሚና ግን በዚህ አልተቋረጠም። ወይዘሮ ወርቂት በልጃቸው በአመዴ ስም ወሎን ያስተዳድሩ ነበር። በሰኔ 1857 ዓ.ም. የሸዋው ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ግዛታቸው ሲገቡ ልጃቸው በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ነበር፤ ሆኖም ምኒልክን አሳልፈው አልሰጡም። ልጃቸው በመቅደላ ተገደለ። መነንና ወርቂት ሁለቱም በእናትነት ስም ገዙ፤ የሁለቱም ሥልጣን ከልጅ ዕጣ ጋር የታሰረ ነበር። መነንን ልጃቸው በግዛት ተቤዣቸው፤ ወርቂት ልጃቸውን መቤዠት አልቻሉም።

ስለ እቴጌ መነን የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተላለፈው በዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ በኩል ነው። ደብተራ ዘነብን የመሳሰሉት የዘመኑ ጸሐፊዎች የጻፉት የድል አድራጊውን ዜና መዋዕል ስለሆነ መነን በዚያ ውስጥ የሚታዩት እንደ እንቅፋት፣ እንደ ትዕቢተኛ አማትና እንደ ምርኮኛ ነው። ከ1823 እስከ 1839 ዓ.ም. ባሉት አሥራ ስድስት ዓመታት በሞግዚትነት፣ በእቴጌነትና በባለግዛትነት የያዙት ስፍራ በዚህ ጥላ ተሸፍኗል።

ከመነን ሊበን በኋላ ሌላዋ የወሎ ተወላጅ እቴጌ መነን አስፋው በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ደፍተዋል። የአምባሰሏ ተወላጅ የወረ ሂማኖው የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ናቸው። የኋለኛዋ መነን ስማቸው የሚነሣው በትምህርት ቤት፣ በበጎ አድራጎትና በቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው፤ ጦር አላሰለፉም፤ የራሳቸው ነጻ ግዛትም አልነበራቸውም። ይህ ልዩነት የመጣው ከግል ጠባይ ሳይሆን ከመንግሥቱ ቅርጽ መለወጥ ነው። ሥልጣን በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሲሰበሰብ እቴጌነት ወደ ባለቤትነት ጠበበ። ሥልጣን በተበታተነበት ዘመን ግን የትውልድ ቤት፣ ልጅና ምድር ያላት ሴት፣ ባሏ የስም ንጉሥ ቢሆንም፣ እሷ የእውነት ገዢ ልትሆን ትችል ነበር። የመነን ሊበን አመዴ ሕይወት የዚያን ዕድል ስፋትም ወሰንም ያሳያል።