ሎራን ክሌርና በእጅ የሚነገር ፍቅር

ሎራን ክሌር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 26 ቀን 1785 ከሊዮን ከተማ በስተምሥራቅ በምትገኝ ላ ባልም በተባለች የፈረንሳይ መንደር ተወለደ። አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወንበር ላይ ወደ ምድጃ እሳት ወድቆ ቀኝ ጉንጩ ተቃጠለ። ቤተሰቡም መስማት የተሳነው በዚህ አደጋ ምክንያት ነው ብሎ ያምን ነበር። ወላጆቹ ያስደረጉለት ሕክምና ፍሬ ሳያስገኝ ቀርቶ እስከ 12 ዓመቱ ድረስ የትምህርትን ደጃፍ አላየም።

በ1797 አጎቱ ፓሪስ ወስዶ፣ አባ ደ ሌፔ ወደመሠረተውና በዚያን ጊዜ አባ ሲካር ይመራው ወደነበረው ትምህርት ቤት አስገባው። መምህሩ ዣን ማሲዩም እንደ እሱ መስማት የተሳነው ሰው ነበር። በዚህ ቤት ልጁ ሐሳቡን በእጁ መናገር ቻለ። ስምም ወጣለት፤ ይኸውም ሁለት ጣቶችን በቀኝ ጉንጭ ላይ ወደ ታች በማሳለፍ የሚነገር ነበር። እንግዳ ሰው እንደ ጉድለት የሚያየው ጠባሳ ለወዳጆቹ መጠሪያው ሆነ። በአንጻሩ አንድ ረዳት መምህር በአፍ ሊያናግረው ሲጥር ተናዶ አገጩን ስለመታው፣ ልጁ ምላሱን ነክሶ አለቀሰ፤ ከዚያ ወዲያም ድምፅ ለማውጣት መማርን እምቢ አለ።

በ1815 ክሌር ከአባ ሲካር ጋር ለንደን በነበረበት ወቅት፣ መስማት ለተሳናት ለጎረቤቱ ልጅ ለአሊስ ኮግስዌል የማስተማሪያ ዘዴ ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ ከመጣው ከአሜሪካዊው ቶማስ ጋሎዴት ጋር ተዋወቀ። በማግሥቱ ዓመት ሁለቱ አብረው ወደ አሜሪካ ተጓዙ። በባሕር ላይ በቆዩባቸው 52 ቀናት ክሌር የምልክት ቋንቋ ሲያስተምር ጋሎዴት ደግሞ እንግሊዝኛ አስተማረው። አፕሪል 15 ቀን 1817ም በኮነቲከት ግዛት፣ በሃርትፎርድ ከተማ ትምህርት ቤታቸው ተከፈተ።

ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች መካከል ኢላይዛ ቦርድማን አንዷ ነበረች። ክሌርና ኢላይዛ ተዋደው ሜይ 3 ቀን 1819 ተጋቡ። መስማት የተሳናቸው ሁለት ሰዎች ትዳር መሥርተው ልጅ ማሳደጋቸው በዚያ ዘመን ብዙዎችን የሚያጠራጥር ነገር ነበር። እነሱ ግን መስማት የሚችሉ 6 ልጆች ወለዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጋሎዴትም የቀድሞ ተማሪውን፣ መስማት የተሳናትን ሶፊያ ፋውለርን አገባ። ልጃቸው ኤድዋርድ የምልክትን ቋንቋ ከእናቱ እጅ ተምሮ፣ በ1864 በዋሽንግተን ለተቋቋመው ኮሌጅ መሪ ሆነ።

ሠዓሊው ቻርልስ ዊልሰን ፒል በ1822 ኢላይዛን ሕፃን ልጇን ታቅፋ ሥሏታል። በሥዕሉ ላይ የሕፃኗ ኤሊዛቤት ጣቶች በእጅ ፊደል የስሟን የመጀመሪያ ሆሄ ሠርተው ይታያሉ። ሌላው ልጅ በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ የስሙን ድምፅ እንደሚለምድ፣ ይህች ልጅም ስሟን ከእናቷ በጣት ተቀበለች።

ክሌር እስከ 1858 ሲያስተምር ኖሮ ጁላይ 18 ቀን 1869፣ በ83 ዓመቱ ዐረፈ። ከኢላይዛ ጋር በትዳር 50 ዓመት ከሞላቸው ገና ሦስት ወር አላለፈም ነበር።

እሱ ካለፈ በኋላ ግን ጊዜው ተለወጠ። በ1880 በሚላኖ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የመምህራን ጉባኤ በአፍ የመናገር ትምህርት ከምልክት እንዲበልጥ ወሰነ፤ የምልክት ቋንቋም ከብዙ ትምህርት ቤቶች ተባረረ። በ1883 ደግሞ፣ በልጅነቱ መስማት ከተሳናት እናቱ ጋር በጣት ፊደል ይነጋገር የነበረውና ሚስቱም መስማት የተሳናት አሌክሳንደር ግራሃም ቤል፣ መስማት የተሳናቸው ሰዎች እርስ በርስ መጋባታቸው አሳሳቢ ነው የሚል ጽሑፍ አቀረበ። በዚህ የተነሣ ብዙ ልጆች እጃቸውን ደብቀው ለመማር ተገደዱ፤ ወላጆችም ለልጃቸው ፍቅራቸውን የሚነግሩበትን ቋንቋ እንዳይማሩ ተመከሩ። የሚላኖው ውሳኔ በቫንኩቨር በተደረገ ጉባኤ ውድቅ የሆነው በ2010 ነው።

ይሁን እንጂ ቋንቋው በክፍል ውስጥ ቢከለከልም በመኝታ ቤትና በማዕድ ዙሪያ አልጠፋም። በ1960ዎቹ ሚስዮናውያን ወደ ኢትዮጵያ ካመጧቸው ምልክቶች መካከል የሃርትፎርድ ዝርያ የሆኑ ይገኙባቸዋል፤ እዚህም ከአገሬው ምልክት ጋር ተዋህደው አድገዋል። መስማት የተሳነውን ልጅ የሚቀበል መምህርና ሐኪም እናቲቱን ስለ ጆሮው ብቻ ሳይሆን ስለ እጆቿም ሊነግራት ይገባል። የክሌር ሕይወት የሚያስረዳው፣ ያ ልጅ እንደ ማንኛውም ልጅ በፍቅር የሚጠራበት ስም እንደሚያስፈልገው ነው።