የፕሮፌሰር ሪቻርድ ስሞሊ ሕይወትና ሥራ

መብራት ድንገት ሲጠፋ በኮምፒዩተር ላይ ተጽፎ ገና ያልተቀመጠው ሥራ አብሮ እንደሚጠፋ በመሥሪያ ቤት የሚውል ሁሉ ያውቀዋል። ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም የማይረሳ ፈጣን ማስታወሻ ለመሥራት ከታሰቡት ነገሮች አንዱ ካርቦን ነው። በዚህ ረገድ ስማቸው ከሚነሣው ሊቃውንት መካከል አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ስሞሊ ይገኛሉ።

ስሞሊ በ1943 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በኦሃዮ፣ በአክሮን ከተማ ተወለዱ። በልጅነታቸው ከኩሬ ውሃ እየቀዱ በአጉሊ መነጽር ጥቃቅን ሕያዋንን መመልከትን ያስተማሯቸው እናታቸው ነበሩ። በ1965 ከሚቺጋን ዩኒቨርስቲ ተመርቀው በፋብሪካ ውስጥ በኬሚስትነት ሠሩ። በ1973 ከፕሪንስተን የዶክተርነት ማዕርግ አገኙ፤ በ1976 በሂዩስተን ራይስ ዩኒቨርስቲ ማስተማር ጀመሩ።

በሴፕቴምበር 1985 ከሃሮልድ ክሮቶ፣ ከሮበርት ከርልና ከተማሪዎቻቸው ጋራ ካርቦንን በሌዘር ጨረር ሲያተኑ፣ 60 አቶሞች ያሉት እጅግ ጽኑ ቅንጣት አገኙ። ቅርጹ ግን ምሥጢር ሆነባቸው። ስሞሊ አንድ ሌሊት በቤታቸው ወረቀት በመቀስ እየቈረጡ ያጣብቁ ጀመር። ባለ ስድስት ጐኑ ብቻውን አልዘጋ አለ፤ ባለ አምስት ጐን ሲጨምሩበት ግን እንደ ኳስ ተገጣጠመ። ማዕዘኖቹ ቢቈጠሩ ልክ 60 ሆኑ። ሦስቱ ሊቃውንት በ1996 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ከዚያ በኋላ ልባቸው ያረፈው ካርቦን ናኖቲዩብ በተባለው ቧንቧ ላይ ነው፤ ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ነው። በ1996 የእርሳቸው ቡድን ይህን ቧንቧ በብዛት የሚያስገኝ ዘዴ አወጣ። በ2000 ደግሞ የሐርቫርድ ተመራማሪዎች ቧንቧዎቹ ተሻግረው ቢዘረጉ ማስታወሻ ሊሆኑ እንደሚችሉ ገለጡ። ሁለቱ ሲነካኩ ኤሌክትሪክ በደንብ ያልፋል፤ ይኸውም አንድ ይባላል። ሲራራቁ ዜሮ ይሆናል። ኤሌክትሪኩ ቢጠፋም፣ የተነካኩት በተፈጥሮ ስበት እንደ ተያያዙ ይቈያሉ። ችግሩ ቧንቧዎቹ ሲሠሩ፣ ኤሌክትሪክ እንደ ብረት የሚያሳልፉትና የማያሳልፉት ተደባልቀው መውጣታቸው ነው። ስሞሊ እስከ መጨረሻው አንድ ዐይነቱን ብቻ ለማስገኘት ደከሙ።

በ1999 ካንሰር ያዛቸው። በመድኃኒቱ ጠጕራቸው ረግፎ ሳለ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርበው፣ መንግሥት ለዚህ ምርምር ገንዘብ እንዲመድብ ተከራከሩ፤ በሚከተለው ዓመትም ብሔራዊው ዕቅድ ታወጀ። በኦክቶበር 28 ቀን 2005፣ በ62 ዓመታቸው ዐረፉ።

የካርቦኑ ማስታወሻ ዛሬም በየጠረጴዛው ላይ ያለውን አልተካም። ስሞሊ ፍሬውን እንደማያዩት እያወቁ ዘሩን ዘሩ፤ አጨዳው የተተወው ለተከታዮቻቸው ነው።